የሽማግሌውን ሒሳብ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጧት ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ታክሲ ተሳፍረን ስንጓዝ አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ከመንገድ ገቡ። እኒህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 35 ዓመት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ፥ ከዘራ ሳይዙና ባርኔጣ ሳይደፉ ከቤት የማይወጡ ናቸው። ጠጋ ብለን አጠገባችን አስቀመጥናቸው። ረዳቱ «ሒሳብ» ባለ ጊዜም እንደ ልማዳችን ፈጠን ብለን የእሳቸውንም ጨምረን ከፈልን። በአገራችን ለሚያውቁት ሰው የታክሲ መክፈል እንደ ሰላምታ የሚቈጠር ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ሁለት ወዳጆች «እኔ ልክፈል፥ የለም እኔ ልክፈል» ሲባባሉ የሚወርዱበት ፌርማታ ያልፋቸዋል።

ሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕደግ ተመንደግ» ብለው መረቁን። እኛም «አሜን» ብለን ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ መስሎን ነበር። አራት ኪሎ ወርደን ልንሰናበታቸው ስንል ግን እጃችንን ያዝ አድርገው፦ «ልጄ፥ አትቀየመኝ። ዛሬ አንተን መረቅሁ፤ ትናንት የጎረቤቴን ልጅ መረቅሁ፤ ባለፈው እሑድ ስሙን የማላውቀውን ጎረምሳ መረቅሁ። ምርቃቴ እኮ የታክሲ ፍራንክ ሆነ» አሉን። ይህንም ብለው በከዘራቸው አስፋልቱን እየመቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጆሯችን አልወጣም። አለመውጣቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለን በአንድ የክርክር ምሽት «አረጋውያን በሕዝብ ማመላለሻ በነጻ ሊሳፈሩ ይገባልን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። እኛ «አይገባም» ከሚለው ወገን ተሰልፈን ተከራከርን፤ አሸነፍንም። በዚያ ምሽት ካቀረብናቸው ምክንያቶች ሁሉ ብዙ ጭብጨባ ያገኘው እንዲህ የሚለው ነበር፦ «ኢትዮጵያ ሽማግሌ የሚከበርባት አገር ናት። ልጅ የአባቱን፥ ጎረቤት የጎረቤቱን፥ የማያውቀውም ሰው የማያውቀውን ሽማግሌ ሒሳብ ይከፍላል። እንግዲህ ልማዳችን የሚሠራውን ሥራ ለሕግ መስጠት ምን ያስፈልጋል?» አዳራሹ በእጅ ተሞልቶ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ያን ጊዜ የተናገርነውን ለመሻር ነው።

እነሆ ምክንያታችን። ልማድ የሽማግሌውን ሒሳብ ይከፍላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያስከፍላልም። በሌላ ሰው ፍራንክ የሚሳፈር ሰው ባዶ እጁን አይወርድም፤ ማመስገን፥ መመረቅ፥ የከፋዩን ልጅ ስም መጠየቅ፥ ቢደክመውም ፈገግ ማለት አለበት። በወር አንድ ቀን ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን ሰውየው ከቤቱ በወጣ ቍጥር ባለዕዳ ይሆናል። ኩሩ ሰው ደግሞ ባለዕዳ ከሚሆን ቤቱ መቀመጥን ይመርጣል። ያን ምሽት በጭብጨባ የተሸኘው ምክንያታችን ይህን ፈጽሞ አላየውም ነበር፤ ዕድሜያችን 20 ስለ ነበረ ማየትም አንችልም ነበር ይሆናል።

እኒሁ ሽማግሌ በኮልፌ በኩል የሚኖሩ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበሯቸው። በአንድ ክፍል፥ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲገለብጡ ኖረዋል። ጡረታ እንደ ወጡ በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ ቡና ይጠጡ ነበር። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን እስከ ኮልፌ ሁለት ጊዜ ታክሲ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፤ ይህም ማለት ሲሄዱ ሦስት ሒሳብ፥ ሲመለሱ ሦስት ሒሳብ ነው። ታሪፉ ከፍ ሲል በሳምንት የነበረው መገናኘት በአሥራ አምስት ቀን ሆነ። ቀጥሎም የጡረታ አበል በሚቀበሉበት ቀን ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዓመት በዓል ቀረ፤ በሌላው ጊዜ በስልክ «እንዴት ሰነበትህ» መባባል ብቻ ነበር። ባልደረባቸው ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሄደው ጠየቋቸው፤ ሦስተኛውን «አበሉ ሲመጣ» ብለው አስተላለፉት። አበሉ ከመምጣቱ በፊት ሰውየው ዐረፉ።

በቀብሩ ቀን የሆነውን የነገሩን ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። «ታሞ ልጠይቀው መሳፈሪያ አጣሁ። ለቀብሩ ግን እድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ አቀረበልኝ፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሄድሁ» አሉን። ሲናገሩ አላዘኑም፤ እንዲያውም ጥቂት ፈገግ ብለዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሒሳብ ለኤኮኖሚክስ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ሠራተኛው ለመሳፈሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ራሱን ይከፍላል፤ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሆኖ ይመለሳል። ነጋዴዋም የመሳፈሪያዋን በሽንኵርቷ ዋጋ ላይ ትጨምረዋለች። የሽማግሌ ጉዞ ግን ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ጉዞ አይደለም። የታመመ መጠየቅ፥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሳለም፥ ለቅሶ መድረስ፥ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ማክበር፥ የልጅ ልጅ ማየት ነው። ስለዚህ ኑሮ በተወደደ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነሰው ይህ ጉዞ ይሆናል። ዳቦው አይቀነስም፤ መድኃኒቱም ቢቻል አይቀነስም። የሚቀነሰው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሌሎች አገሮች ጥቂት እንበል። ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ አዲስ ቢመስልም በሌላ አገር ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ነውና።

በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የምትባል ትልቅ የፋብሪካ ከተማ አለች። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት የራሱ አውቶቡሶች ስለ ነበሩት 70 ዓመት የሞላቸው ወንዶችና 65 ዓመት የሞላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ እንዲሳፈሩ ወሰነ። ፕሬስኮት የሚባል አንድ ግብር ከፋይ ግን «ይህ የእኔ ገንዘብ ነው» ብሎ ከሰሰ። ዳኞቹም በ1954 ለከሳሹ ፈረዱለት። ማዘጋጃ ቤቱ የግብር ከፋዩን ገንዘብ በአደራ የያዘ ነው፤ አውቶቡሱንም እንደ ንግድ ሥራ ሊያካሂደው ይገባል፤ ከነዋሪዎቹ መካከል ለአንድ ወገን በሌሎቹ ኪሳራ ስጦታ ሊያደርግ ሥልጣን የለውም አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ይግባኝ ቢልም አልሆነለትም። ይህን ፍርድ በዚያ በክርክሩ ምሽት ብናውቀው ኖሮ እንዴት ባለ ደስታ ባነበብነው ነበር!

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ዳኞቹ ሽማግሌዎቹ በነጻ መሳፈር የለባቸውም አላሉም፤ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ስጦታ ሊሰጥ አይችልም አሉ እንጂ። ስለዚህ ጉዳዩ ሊመለስ ወደሚገባው ቦታ ተመለሰ። ፓርላማው በ1955 ቀድሞ የተጀመሩት እንዲህ ያሉ ፈቃዶች እንዲቀጥሉ በሕግ ደነገገ፤ በ1964 ደግሞ ሌሎች ከተሞችም እንዲያደርጉት ፈቀደ። ከሚያዝያ 1 ቀን 2008 ጀምሮ (ይህም በእነሱ አቈጣጠር ነው) በመላው እንግሊዝ 60 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በከተማ አውቶቡስ በነጻ የመሳፈር መብት አገኘ። የመነሻው ዕድሜ ከዚያ ወዲህ ከጡረታ ዕድሜ ጋር እያደገ ሄዷል።

በዚህ የእንግሊዝ ሕግ ውስጥ እኛን የማረከን አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እሱም ሰዓቱ ነው። በሥራ ቀን ነጻው ጉዞ የሚጀምረው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰዓት አይወሰንም። ሠራተኛው ቢሮው ገብቶ፥ ተማሪው ትምህርት ቤቱ ደርሶ፥ አውቶቡሱ ጋብ ሲልለት ሽማግሌው ይወጣል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ግን በዓለም ሁሉ ማልደው የሚነሡ ናቸውና ሰዓቱ ሳይደርስ ፌርማታው ላይ ተሰልፈው ነጂውን «ቀድሜ መጣሁ እንዴ?» እያሉ ይጠይቃሉ ይባላል። ነጂዎቹም ከዚህ ጥያቄ ተነሥተው የቅጽል ስም እስኪያወጡላቸው ደርሰዋል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተላት ኮሪያ ናት። በዋና ከተማዋ በሴኡል 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከ1984 (በኤውሮፓውያን) ጀምሮ በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ይሳፈራሉ። በዚያን ዘመን 65 ዓመት የሞላው የአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን ከመቶ 20 ደረሰ። ነጻ ጉዞውን ያዘዘው ማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን ኪሳራውን የሚሸከመው የከተማው ባቡር መሥሪያ ቤት ሆነ። እነሆ በየዓመቱ «ያዘዝህ አንተ ክፈል፤ የለም ያጓጓዝህ አንተ ክፈል» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። በርሚንግሃም ላይ የተነሣው ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። ዴጉ የምትባለው ሌላዋ ከተማ የባቡሩን ዕድሜ በየዓመቱ እየጨመረች ወደ 70 ልታደርስ፥ በአውቶቡስም ከ75 ጀምራ እየቀነሰች እዚያው 70 ላይ ልታገናኘው ከ2023 ጀምሮ ዕቅድ አውጥታለች።

ነገር ግን ሴኡል ያሳየችው ጭቅጭቁን ብቻ አይደለም። በነጻ የሚሳፈሩትን ሽማግሌዎች እየቀጠሩ ፖስታና ዕቃ በባቡር የሚያደርሱ ትንንሽ ድርጅቶች ተነሡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አበባና ሰነድ ይዘው ከተማውን ሲያቋርጡ ይውላሉ፤ ጥቂት ገንዘብም ያገኛሉ። መንግሥት ያላሰበው ነገር ነው። ሰውን ከቤት አውጡት እንጂ ምን እንደሚሠራ እሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ መልካም ነገሮች በእሱ ደጃፍ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እንግዲህ ጥያቄው አቅሙ አለ ወይ ነው።

በዚህ ላይ ለወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። በ2006 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛውን ከቤቱ ወደ ቢሮ፥ ከቢሮም ወደ ቤቱ ያለ ክፍያ የሚያመላልስ የአውቶቡስ አገልግሎት ተቋቁሟል። ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አሳይቶ ይገባል። እኛም በዚሁ አውቶቡስ ተሳፍረናል፤ ስንሳፈርም ማንንም አልመረቅንም። «ይህ ስጦታ ነው» ብሎ ያሰበ ጓደኛም አላየንም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው ብለን ተቀመጥን። ይህ ዐይነቱ ጉዞ ለሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ መብት ከሆነ፥ ያንኑ ጠረጴዛ ለእሱ ለቅቆ ለወጣው ሰው እንዴት ምጽዋት ይሆናል? ደግሞም የከተማ አውቶቡስ ታሪፍ ወጪውን እንደማይሸፍን፥ ልዩነቱንም የከተማው አስተዳደር በድጎማ እንደሚችለው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁላችንም በከፊል በነጻ የምንሳፈር ነን።

«ሀብታሙ ሽማግሌስ?» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ሀብታሙ ሽማግሌ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ከጠበቀም እሰየው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የሰልፉ ነገር ነው። ጧት በ1 ሰዓት ተኩል መገናኛ ወይም መርካቶ ላይ የቆመ ሰው ነጻ ቲኬት ለሽማግሌ ምንም እንደማይጠቅመው ያያል። ወጣቱ በበሩ ሲጋፋ ሽማግሌው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በእጁ የያዘው ነጻ ወረቀት ወደ ውስጥ አያስገባውም። ለሽማግሌ ከወንበር ተነሥተን «ኖር» የምንል ሕዝብ ነን፤ ግን «ኖር» የሚባለው ከገቡ በኋላ ነው። እንግዲህ የእንግሊዞቹ ሰዓት ለእኛም የሚበጅ ይመስለናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሰልፉ ይቀንሳል፤ አውቶቡሱ ግን ያው ነጂ፥ ያው ነዳጅ፥ ያው ጎማ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት አሥር ሽማግሌ ቢጨመርበት ወጪው ከዚያው ብዙ አይርቅም። ሰዓቱ ሲወሰን ደግሞ ጠብ ይቀራል፤ ለሥራ የሚጣደፈው ወጣት «በነጻ የገባ ወንበሬን ያዘብኝ» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

ሌላው ችግር ዕድሜን ማስረዳት ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 70 ዓመት የሆነው ሰው የተወለደበትን ቀን የሚያውቀው ከእናቱ አፍ ነው። የሠፈራችን ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ስንጠይቃቸው «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ፊደል ቈጥሬ ጨርሼ ነበር» ብለውናል። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ዓ.ም. ነውና ቀሪውን አንባቢ ያስላው። ለጡረተኛው የጡረታ መታወቂያው ይበቃዋል። ነገር ግን ከአረጋውያኑ አብዛኞቹ የጡረታ አበል ያላቸው አይደሉም። የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ በጡረታ ሕግ የተጠቃለለው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የጉልት ነጋዴዋን፥ ሸማኔውን፥ እንጨት ተሸካሚዋን ሕጉ በግዴታ አያጠቃልላቸውም። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ማመን ይሻላል። ጥቂት ሰዎች ሁለት ዓመት ጨምረው ቢያስጽፉ አገር አይጠፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቲኬት ቈራጩን የሚመለከተው ነው። ነጻ የተባለው ጉዞ ከቲኬት ቈራጩ ሒሳብ ወይም ከአውቶቡስ ድርጅቱ ትርፍ የሚቀነስ ከሆነ ሽማግሌው በየፌርማታው ክፉ ፊት ይጠብቀዋል። «ደግሞ መጡ» ይባላሉ። ያን ጊዜ ለእኛ ይሰጡን የነበረውን ምርቃት ለቲኬት ቈራጩ ይሰጡት ጀመር ማለት ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ ለሽማግሌውም ቲኬት ይቈረጥለት፤ ዋጋው ይጻፍበት፤ በወሩ መጨረሻ ተቈጥሮ ከከተማው ግምጃ ቤት ለድርጅቱ ይከፈል። ሴኡል ያጣችው ይህን ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠታችን በፊት ዐርብ ጧት ሽማግሌውን ፌርማታ ላይ አግኝተን አሳባችንን ነገርናቸው። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዳመጡን።

«የማን ገንዘብ ነው?» አሉን።

«የመንግሥት ነው አባባ።»

«መንግሥት ከየት አመጣው?»

«ከግብር ነዋ።»

«እንግዲያው ከደመወዜ ላይ 35 ዓመት ሲቈረጥ የነበረው ምን ሊሆን ኖሯል? ነጻ አትበለው፤ የተከፈለ በለው።»

«የጉልት ነጋዴዋስ? እሷ የደመወዝ ግብር አልከፈለችም» አልናቸው፤ ልንፈትናቸው ፈልገን ነበር።

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እኔ መዝገብ ስገለብጥ እሷ ያሳደገቻቸው ናቸው እኮ ዛሬ አውቶቡሱን የሚነዱት። እሷማ ከእኔ በፊት ትግባ» አሉ።

ይህን ስንነጋገር አውቶቡሱ መጣ። ሰዓቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ስለ ነበረ እስከ በሩ ድረስ ሞልቷል። ሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ቦታ ነበረው፤ ከኋላችን ያለውም ሰልፍ ይገፋ ነበር። እጃቸውን ይዘን ልናስቀድማቸው ብንል እንቢ አሉ። «ሂድ፥ ሂድ፤ ቢሮ ይረፍድብሃል። እኔን የሚጠብቀኝ የለም» ብለው በከዘራቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙን። ገባን። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አየናቸው፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለሚቀጥለው ተሰልፈው ነበር።